ጎህ ሳይቀድ የምታስል መኪና

አዋላጇ የምትነዳት መኪና የአባቷ ነበረች። አባቷ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ መንገድ ቀያሽ ነበሩ፤ ዳገቱን ቁልቁለቱን ሲለኩ የኖሩት በዚችው መኪና እየዞሩ ነው። ዓይናቸው እየደከመ ሲመጣ ሐኪሙ "ከእንግዲህ መሪ እንዳይጨብጡ" አላቸው። ቁልፉን ለልጃቸው ያስረከቡ ዕለት ልጅ የሚድሩ ነበር የሚመስሉት፤ አደራ ሲሉ፣ ሲመክሩ፣ መልሰው አደራ ሲሉ አመሹ። ልዩነቱ፣ እዚህ ላይ ልጃቸው ሙሽሪት ሳትሆን ሙሽራው መሆኗ ነው።

መኪናዋ አዲሱን ትዳሯን በሰላም ይዛ ቆየች። ነገሩ የተበላሸው ብርዱ ሲገባ ነው። አዋላጇ ምጥ የያዛት ሴት አለች ተብላ በሌሊት ስትጠራ፣ ቁልፉን ባዞረች ቁጥር ከሞተሩ ውስጥ "ክርርርችችችች" የሚል ድምፅ ይነሳል። ምስማር የሞላበት ጣሳ ይዞ የሚያንቀጫቅጭ ሰው ኮፋኖው ስር የተደበቀ ይመስላል። ቀበቶዋን አስራ ሳትጨርስ ድምፁ ይጠፋል። ጠዋት በሰዓቷ ወደ ሥራ ስትወጣ ደግሞ መኪናዋ ድምፅ የሚባል ነገር የላትም፤ ጭጭ።

"አባዬ፣ ሌሊት ስወጣ ያንን ድምፅ አልሰማህም?" ትላቸዋለች።

"የምን ድምፅ?" ይላሉ። "ሌሊት እኮ ሁሉም ነገር ይጮኻል። የቁም ሣጥኑም በር ይጮኻል።"

አንድ ቀን መኪናዋን ይዛ ጋራዥ ሄደች። የጋራዡ መካኒክ "ጆሮ" ነው የሚባለው። እናቱ ያወጣችለት ስም ይሄ እንዳልሆነ ግልጽ ነው፤ ግን እውነተኛ ስሙን ሚስቱም የምታስታውሰው ሲናደዱ ብቻ ነው ይባላል። ደንበኛ መጥቶ ስለ መኪናው ሊያወራ ሲጀምር "አትንገረኝ፣ አስነሳት" ይላል፤ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጥና በሽታውን ይናገራል። የአዋላጇንም መኪና አስነሳ፤ አዳመጠ፤ በሌላኛው ጎን ዞሮም አዳመጠ።

"ሲስተር፣ ይቺ መኪና ምንም የላትም።"

"አሁን ሞቃ ነው። ስትቀዘቅዝ ነው የምትጮኸው።"

"እንዴት ብላ ነው የምትጮኸው? እስቲ ድምፁን ያውጡልኝ።"

አዋላጇ ግራ ቀኙን አየች። ሥራዋ ሌሎችን "አይዞሽ፣ ጩኺ" ማለት ነበር እንጂ ራሷ ጮኻ አታውቅም። ጉሮሮዋን ጠራረገችና "ክርርርችችችች" አለች። ጥግ ላይ ብረት ሲበይድ የነበረ በያጅ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ። ከአንድ ታክሲ ስር ሁለት እግር ብቻ የነበረ ሰው እየተንሸራተተ ሙሉ ሰው ሆኖ ወጣ።

"ረዘም አድርገው እስቲ ይድገሙልኝ" አለ ጆሮ፣ ፊቱ ላይ የሳቅ ምልክት የለም።

ደገመችለት።

"የካቴና መወጠሪያ ይመስለኛል" አለ። ከዚያም አስረዳት። ሞተሩ ውስጥ የላዩን ከታቹ ጋር እኩል የሚያስኬድ ካቴና አለ። ካቴናው እንዳይረግብ ከጎኑ እንደ አውራ ጣት ተጭኖ የሚይዘው አንድ ዕቃ አለ፤ ያንን አውራ ጣት የሚገፋው የዘይት ግፊት ነው። ዕቃው ሲያረጅ፣ መኪናዋ ቆማ ባደረች ቁጥር ዘይቱ ይወርድበታል። ስትነሳ፣ ዘይቱ ተመልሶ እስኪደርስ ድረስ፣ የረገበው ካቴና ግድግዳውን እየደበደበ ይዞራል።

"ታዲያ ቀይረዋ።"

"ሳልሰማ? እርስዎስ ሲስተር፣ ሆዴን አመመኝ ያለችዎትን ሁሉ ያዋልዷታል?"

እውነቱን ነው። መኪናዋ ጋራዥ ትደር እንዳይባል፣ ሕፃናት የሚመጡበትን ሰዓት አስቀድመው አያስታውቁም፤ አዋላጇ ያለ መኪና ማደር አትችልም። ጆሮ ትንሽ አሰበና፣ "ለሌላ ሰው ቢሆን አላደርገውም" አለ። "መንታዎቼን የተቀበሉልኝ ግን እርስዎ ነዎት። ሳትነሳ ቤትዎ መጥቼ እሰማታለሁ።"

በማግስቱ ገና ሰማዩ ሳይገረጣ መጣ። በሩን የከፈቱለት አባትየው ነበሩ፤ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ኮፍያቸውን ደፍተው።

"ግባ ልጄ፣ ሻይ ላፍላልህ?"

"አይ አባባ፣ መጀመሪያ ድምፁን ልስማ።"

አዋላጇ ዓይኗን እያሸች ወጥታ መኪናዋን አስነሳች። መኪናዋ እንደ ጠገበች ድመት አንኮራፋች እንጂ ሌላ ድምፅ አላወጣችም። በሁለተኛውም ቀን መጣ፤ ያው ነው።

"ምን መሰለህ" አሉ ሽማግሌው ወደ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ በሹክሹክታ፣ "ሥራዋ እንቅልፍ ያሳጣል። ሰው እንቅልፍ ሲያጣ የማይሰማው የለም።"

ጆሮ ግን የተጠራጠረው ሲስተርን ሳይሆን ራሱን ነው። ስሙን ያወጣለት ጆሮው ከከዳው ምን ተብሎ ሊጠራ ነው? በሦስተኛው ቀን ሲመጣ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሕክምና መጠየቅ ነበር። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጦ አንገቱን አዘነበለ፤ አዋላጇ በትንሿ ባትሪዋ ጆሮውን ውስጡ ድረስ አየችለት።

"ንጹሕ ነው። ከብዙ ሰው ጆሮ ይሻላል።"

"ግራውንም ይዩልኝ።"

ግራውም ንጹሕ ነበር። ጆሮ ተጽናንቶ ወረደና የተፈታ የጫማውን ክር ሊያስር አንድ እጁን ኮፋኖው ላይ ደገፍ አደረገ። ክሩን ሳያስር እንደጎነበሰ ቀረ።

"ሲስተር፣ ሌሊት ወጥተው ነበር?"

"ኧረ አልወጣሁም። ዛሬስ ደህና ተኝቻለሁ።"

"እንግዲያው ይቺ መኪና ከሁላችንም ቀድማ ነቅታለች። ይንኩት።"

ነካችው። ኮፋኖው ሞቋል። ሁለቱም ቀስ ብለው ወደ ሽማግሌው ዞሩ። ሽማግሌው አንገታቸውን አቅንተው ሰማዩን ይመለከታሉ፤ ደመናውን የሚለኩ ነው የሚመስሉት።

"አባዬ።"

"ብርድ ነው" አሉ ዓይናቸውን ሳያወርዱ። "ላሙቃት ብዬ ነው። መንዳት አትችልም ተባልኩ እንጂ ማስነሳት አትችልም አልተባልኩም።"

"ዛሬ ብቻ ነው?"

"ዛሬም ነው።"

ነገሩ ተመዞ ተመዞ ወጣ። ብርዱ ከገባ ጀምሮ ልጃቸው ሳትነቃ ይነሳሉ፤ መለዋወጫውን ቁልፍ ከካፖርታቸው ኪስ ያወጣሉ፤ መኪናዋን ያስነሳሉ። ያንን ሁሉ ክርችችታ ጥርሳቸውን ነክሰው ብቻቸውን ይሰሙታል። ድምፁ ሲያልፍ ጥቂት አሙቀው ያጠፏታል። ልጃቸው ስትወጣ መኪናዋ ሰላም ናት። ያመለጧቸው እሷ ሌሊት የምትጠራባቸው ቀናት ብቻ ናቸው።

"ስለዚህ ድምፁን ትሰማ ነበር" አለች አዋላጇ።

"መስማት ብቻ? አጥንቴ ውስጥ ነው የሚገባው።"

"በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እያልክ አይደለም እንዴ ያሳደግከኝ?"

"እሱ ለሰው ነው።"

ሳቋ መጣባት፤ ግን ቀና ብላ ስታያቸው አባቷ መለዋወጫውን ቁልፍ ጥብቅ አድርገው ይዘዋልና ዋጠችው።

"ሞተር አንዴ ከተከፈተ አይመለስም" አሉ። "ስንቱን አይቻለሁ። ታማለች ካልኩሽ ደግሞ ሸጠሽ አዲስ ትገዣለሽ። መግዛትሽስ ይሁን። ግን ጠዋት ጠዋት ተነስቼ..." ንግግራቸውን አቋረጡና ኮፍያቸውን አስተካከሉ። "ሞቅ ያለ መኪና ውስጥ ትገቢያለሽ። ሌላ ምን የማደርግልሽ ነገር ቀረኝ?"

አዋላጇ የካፖርታቸውን ኮሌታ ቀና አደረገችላቸው። ጆሮ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

"አባባ፣ ካቴናው እንደረገበ በተነሳች ቁጥር አንድ ቀን ጥርስ ሊዘል ይችላል። ያን ጊዜ ሞተሩ ውስጥ መጋጨት የሌለበት ይጋጭና መኪናዋ ባለችበት ቀጥ ትላለች። ሲስተር ምጥ ላይ ያለች ሴት ጋ ስትሄድ ከሆነ ደግሞ..."

ሽማግሌው ክው አሉ። የኮፋኖውን ጠርዝ ያዙና፣ "መቼ ትቀይረዋለህ?" አሉ።

አዋላጇ ዕረፍት በሆነችበት ቀን ጆሮ አዲሱን መወጠሪያና የመሣሪያ ሣጥኑን ይዞ ግቢያቸው መጣ። ሽማግሌው አንድ ቅድመ ሁኔታ ነበራቸው፤ የሞተሩ ሆድ አይከፈትም።

"አይከፈትም" አለ ጆሮ። "የዚች ሞተር ዕድለኛ ነው፤ መወጠሪያው ጎኑ ላይ በሁለት ብሎን ነው የታሰረው። ከውጭ ይገባል፣ ከውጭ ይወጣል።"

"ቀዶ ጥገና አይደለም አባዬ፣ ጥርስ መንቀል ነው" አለች ልጃቸው።

ወንበር አመጡና ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጡ። ዓይናቸው ስለማያደርስ ወንበሩን ጠጋ አደረጉት፤ ትንሽ ቆይተው አሁንም ጠጋ አደረጉት፤ በመጨረሻ ኮፍያቸው በመካኒኩና በብሎኑ መካከል ገባ።

"አባባ፣ መሸብኝ።"

ኮፍያቸውን አወለቁ። ጆሮ መጀመሪያ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍቶ በባትሪ ወደ ውስጥ አየ፤ የሚታየው የካቴናው ክፍል ደህና ነበር። ከዚያ ሁለቱንም ቁልፎች ተቀብሎ ቱታው ኪስ ከተተ።

"መወጠሪያው ወጥቶ ሳለ ሞተሩን ያንቀሳቀሰ ሰው ካቴናውን ያዘልለዋል። ማንም እንዳይነካ።"

"ማን ይነካል?" አሉ ሽማግሌው፤ ቅር ብሏቸዋል። ልጃቸው ቀና ብላ አየቻቸው።

አንደኛው ብሎን እሺ ብሎ ወጣ። ሁለተኛው ግን ዕድሜውን ሙሉ እዚያ የኖረ በመሆኑ ቤቱን አልለቅም አለ። ጆሮ ዘይት ረጨበት፤ ጠበቀው፤ ለመነው፤ ገፋው። ሲላቀቅ "ጧ" ብሎ ሽማግሌውን ከወንበራቸው አስነሳቸው። አሮጌው መወጠሪያ ጥቁር ዘይት እያንጠባጠበ ወጣ፤ ከክብሪት ሳጥን ብዙም አይበልጥም።

"ይሄን ሁሉ ጫጫታ የፈጠረው ይሄ ነው?" አሉ ሽማግሌው።

"ጫፉን በአውራ ጣትዎ ይጫኑት።"

ተጫኑት። ያለ ምንም ተቃውሞ ስምጥ ብሎ ገባ፤ እዚያው ቀረ። መልሶ የሚገፋ ኃይል አልነበረውም። ሽማግሌው ዕቃውን መዳፋቸው ላይ አገላብጠው አዩት።

"የኔን ጉልበት መሰለ።"

"ሁለት ብሎን ብቻ ቢሆን እሱንም እቀይርልህ ነበር" አለች ልጃቸው፤ እጃቸውንም በጨርቅ ጠረገችላቸው።

አዲሱን ሰጣቸው። ቢጫኑት ንቅንቅ አይልም፤ ጫፉ ወደ ውስጥ ተጨምቆ ሳለ በቀጭን ሽቦ ተቆልፏል። ጆሮ አዲሱን በቦታው አስገብቶ ብሎኖቹን አጠበቀና፣ "ሽቦውን እርስዎ ይሳቡት" አላቸው። የሽማግሌውን ጣት ይዞ ቦታውን አስነካቸው። ሳቡት። ከውስጥ "ጠቅ" የሚል ድምፅ ተሰማ።

"ያዘ" አለ ጆሮ። "ይኸው ቁልፉ፤ አሁን ያስነሷት።"

ሽማግሌው መሪው ጋ ተቀምጠው ቁልፉን አዞሩ። "ክርርርርችችችችችች" አለች፤ ከወትሮውም አስረዝማ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ገደልናት" አሉ።

ጆሮ ጣቱን አነሳ። "ትንሽ ይታገሷት። ባዶ ነው የገባው፤ ዘይቱ ገና እየሞላው ነው።"

ድምፁ ሳሳና ጠፋ። ሽማግሌው ጆሯቸውን ጣል አደረጉ፤ ምንም የለም።

"ጠፋች" አሉና ቁልፉን መልሰው አዞሩት። የምትሠራ ሞተር ላይ ማስነሻው ሲነክስ የወጣው "ግርርርር" ጆሮን እንደ ጥርስ ሕመም አኮማተረው።

"እየሠራች ነው አባባ" አለ፣ ጉንጩን ይዞ። "እባክዎ፣ እየሠራች ነው።"

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አዋላጇ በመስኮት ስታይ፣ አባቷ እንደ ልማዳቸው ካፖርታቸውን ለብሰው ግቢ ወጥተዋል። መኪናዋን አስነሷት፤ አንዳች የሚያስከፋ ድምፅ አላሰማችም። ቶሎ አጠፏትና እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆሙ። የሚደብቁት ነገር የሌለው ሰው ጠዋቱ ረጅም ነው። ወጥታ ሻይ አብራቸው ልትጠጣ ስትነሳ የግቢው በር ተንኳኳ።

የግድግዳ ጎረቤታቸው የአውቶቡስ ሾፌሩ ነበር። ሸሚዙን አንድ ቁልፍ አዛንፎ ቆልፎታል፤ አንዱ ጫማው እጁ ላይ ነው።

"ጋሼ፣ አመምዎት እንዴ?" አለ እያለከለከ።

"እኔ? ደህና ነኝ። ምነው?"

"መኪናዋ አልጮኸችማ። ብርዱ ከገባ ጀምሮ በሷ ነው የምነሳው፤ የምታነቃኝን የደወል ሰዓትማ ለእህቴ ሰጠኋት። ዛሬ ይኸው ተሳፋሪው ተሰልፎ እየጠበቀኝ ነው።"

 ልጃቸው ከስንት ጊዜ ወዲህ ያላየችው ፈገግታ የሽማግሌውን ፊት ሞላው።

"በል ሩጥ" አሉት። "ከነገ ጀምሮ ግድግዳህን እኔው እመታልሃለሁ።"

ቃላቸውን ጠበቁ። በቀያሽነታቸው ዘመን የያዙትን ዘንግ ከቁም ሣጥን ጀርባ አወጡ፤ በየጠዋቱ የሾፌሩን ግድግዳ ሦስት ጊዜ ይመቱና ከወዲያ በኩል "ነቃሁ ጋሼ" እስኪባሉ ይጠብቃሉ። መኪናዋንም ማሞቃቸውን አልተዉም። አዋላጇ የምትነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ሻዩን አብረው ይጠጣሉ።

አንድ ቀን ብቻ፣ ግድግዳውን መትተው "ነቃሁ" የሚላቸው አጡ። ደግመው መቱ። በሦስተኛው የሾፌሩ ሚስት ድምፅ ከወዲያ ማዶ እንቅልፍ በእንቅልፍ ሆኖ መጣ።

"ጋሼ" አለች፣ "ዛሬ እኮ እሑድ ነው።"