ዳኛውን ጥበቃ

ቬርሊን ሆልቨርሰን ትዕግስት ሞልቶታል፤ ያጣው ስለ ትዕግስቱ ዝም የማለት ትዕግስት ነው። በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ጫካ በቀስት ከሚያድኑት ሁሉ እኔን የሚያህል የለም ባይ ነው። «ዳኛው» ብሎ ስም ያወጣለትን አንድ ባለ ግዙፍ ቀንድ ሽማግሌ አጋዘን ዛፍ ላይ ተቀምጦ አራት ዓመት ሲጠብቅ፣ በእግሩ ስር ያለፉትን ጎረምሳ አጋዘኖች ሁሉ «ገና ለጋ ነው፣ ይደግ!» እያለ ሸኛቸው። አጋዘን ጠረኑን እንዳያሸትበት ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠባል፤ የአደን ልብሱን በዛፍ ቅጠል ቀብሮ ሳጥን ውስጥ ይቆልፋል፤ ነፋሱ ካልተመቸው ዛፉ ላይ አይወጣም። በእሱ ጣጣ ሽንኩርት እንኳ ከቤቱ ጠፋ።

ሚስቱ አርሊስ መረራት። «ስማ፣ የዘንድሮው አደን እሁድ ያበቃል። ዳኛህን ካላመጣህ ቀስቱን ትሸጣለህ። በቃኝ!»

«እሺ፣ ማልኩልሽ» አላት።

ወንድሟ ከርሚት ሳቀ። «እኔ ያገኘሁትን ወግቼ በላሁ። አንተ የዳኛህን ፎቶ ብላ!»

«አንተ የምታድነው ሥጋ ነው፤ እኔ ዕድሜ ነው» አለ ቬርሊን፣ ኮራ ብሎ።

እሁድ ሊመሽ ሲል፣ በጥር ብርድ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ዛፉ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ቀንድ የሌለው አንድ አጋዘን መጥቶ ከስሩ ተገተረ። ቬርሊን ደሙ ፈላ። ቀንድ የላት፣ ሴት ናት! ጠረኔን ካሸተተች ጫካውን ሁሉ ታስደነብርብኛለች! አለ በልቡ። አንድ ጓንቱን አውልቆ ወረወረባት።

«እሽ! ሂጂልኝ!»

እንስሳው አልበረገገም። ቀና ብሎ አየውና ቀስ ብሎ ዞረ። ቬርሊን አንገቱን ያየው ያኔ ነው፤ የበሬ አንገት! ግንባሩ ላይ ሳንቲም ሳንቲም የሚያካክሉ ሁለት ትኩስ ቁስሎች ነበሩ። ወንድ አጋዘን በየዓመቱ ብርዱ ሲጠና ቀንዱን ይጥላል፤ ይህን ለአገር ምድሩ ሲያስተምር የኖረው ደግሞ ራሱ ቬርሊን ነው። ቀስቱን እስኪያነሳ ዳኛው ዛፎቹ መሀል ገብቶ ነበር።

አለቀሰ፤ ምን ያድርግ! ቤት ሲገባ አርሊስና ከርሚት ገበታ ላይ ጠበቁት።

«እህስ፣ ምን መጣ?» አለ ከርሚት።

«አንዲት ሴት መጣች። ተውኳት።»

ከርሚት ለፌዝ የከፈተውን አፉን ዘግቶ ኮፍያውን አወለቀ። «በመጨረሻው ቀን? ወይ ትዕግስት! እኔ ብሆን አልችልም።»

አርሊስ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ተወው፣ ቀስቱን አትሽጥ። እንዳንተ ያለ ሰው ሌላም አራት ዓመት ይጠብቅ» ብላ የቀዘቀዘ እጁን ያዘች። «ውይ፣ በረዶ ሆነሃል! አንዱ ጓንትህስ?»

ቬርሊን ያልሰማ መስሎ ሾርባውን ማንኪያ በማንኪያ ጠጣ።