እንግዳ የሚገባበት ቤት

ወይንሀረግ የእማማ ወለተሰንበትን ደፍ ተሻግራ እግሯን ስታሳርፍ የረገጠችው የገዛ ራሷን ምንጣፍ ነበር። ቀዩን፣ ጥጉ ላይ በካውያ የተቃጠለውን፣ ጠዋት ከቤቷ ስትወጣ አልጋዋ ሥር እንደተዘረጋ የተወችውን ምንጣፍ። ዓይኗን ማመን አቃታት። ቀና ስትል ደግሞ የጎረቤቷ የደሚቱ ትልቅ ቴሌቪዥን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ዳንቴል ጣል ተደርጎበት አየችው። ሶፋ አለ። መስኮቱ መጋረጃ ለብሷል። ትሪ ላይ ወርቃማ ጠርዝ ያላቸው ብርጭቆዎች ተደርድረዋል። እማማ ወለተሰንበት ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር።

«ቤት ለእንግዳ፤ ግቡ ልጆቼ» አሉ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው፤ ወሩም ነሐሴ ነበር።

ከወይንሀረግ ኋላ ሁለት ወንዶች ጫማቸውን በር ላይ ጠራርገው ገቡ። አንደኛው ፍሬምናጦስ ነው፤ ከወረዳው የተላከ፣ ታብሌቱን በላስቲክ ጠቅልሎ የያዘ፣ ፊቱ ላይ ድካም የሚነበብ ወጣት ባለሙያ። ሌላው አቶ ገረሱ ናቸው፤ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው የዕድር ዳኛ። ወይንሀረግ ነዋሪውን ወክላ ትዞራለች። ሦስቱ የሴፍቲኔት ኮሚቴ ናቸው፤ ሥራቸውም ለድጋፍ የተመዘገበው ሰው በእርግጥ የቸገረው መሆኑን ቤቱ ድረስ ሄዶ ማየት ነው። የእማማ ቤት የመጨረሻው ነበር። ከሰዓት በኋላ ምዝገባው ይዘጋል፤ ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለም።

እማማ ወለተሰንበት ዕድሜያቸውን የፈጁት የሰው ልብስ ሲያጥቡ ነው። ጡረታ የለ፣ ልጅ የለ። እጃቸውን ቁርጥማት ከያዘው ወዲህ ጎረቤት ቋጥሮ በሚልክላቸው ምሳ ነው የሚኖሩት፤ እሱንም «ጠግቤያለሁ» እያሉ ግማሹን ይመልሱታል። በቀደም ወይንሀረግ ሳታስበው ገብታ የስኳር ክኒናቸውን በቢላ ለሁለት ሲከፍሉ ደረሰችባቸው። «እንዲበረክትልኝ እኮ ነው» አሏት ሳቅ ብለው። ድጋፉ ከተፈቀደ የጤና መድህኑም አብሮ ይመጣል፤ ካልተፈቀደ ግማሿ ክኒን ሩብ ትሆናለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን ወይንሀረግ ማሰብ አትወድም።

እንዲመዘገቡ ያሳመነቻቸው በስንት መከራ ነው። «እኔ ለማኝ አይደለሁም» ብለው ድርቅ አሉ። ምጽዋት እንዳልሆነ፣ ይህን ከተማ ሲያጥቡ ለኖሩበት የሚገባቸው ድርሻ እንደሆነ ብትነግራቸው፣ ሲያስቡበት ከርመው አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ በሯን አንኳኩና መታወቂያቸውን ሰጧት። ኮሚቴው ቤታቸውን ለማየት እንደሚመጣም የነገረቻቸው እሷው ናት። እንዲህ ይሆናል ብላ በሕልሟም አላሰበችም።

አንድ ነገር ረሳሁ በሚል ሰበብ ወደ ደጅ ብቅ ስትል ደሚቱ በእፎይታ ፈገግታ ጠበቀቻት። ሌሊቱን ሲያጥቡና ሲወለውሉ ማደራቸውን፣ ምንጣፉን ጠዋት የወይንሀረግ እህት ሶፊ እንዳመጣችው፣ ሶፋውን አራት ሰው ተሸክሞት በጠባቡ በር በስንት ጸሎት እንዳስገባው ዘረዘረችላት። ወይንሀረግ ጭንቅላቷን ያዘች። ሰዎቹ የመጡት ችግራቸውን ሊያዩ መሆኑን በሹክሹክታ አስረዳቻት። ደሚቱ ግራ ገባት።

«ታዲያ ባዶ ቤት ላይ እንግዳ ይግባባቸው?» አለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ሰው ቤት ቢሆን ወይንሀረግም ምንጣፏን ተሸክማ ከፊት ትቀድም ነበር።

ስትመለስ ፍሬምናጦስ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቆሎ በእፍኙ ይዟል። ኑሮ እንዴት እንደሆነ ጠየቃቸው። እማማ ወለተሰንበት፣ አንድ አዋቂ ለእንግዳ እንደሚመልሰው መለሱለት፦ ተመስገን፣ ምንም አልጎደለብኝ አሉት። ልጁ ዙሪያውን አየ። ክፉ ልጅ አልነበረም። ብቻ ብዙ ጊዜ ተታሏል። የዛኑ ዕለት ጠዋት እንኳ ቤታቸውን ባዶ አድርገው የጠበቋቸው ባልና ሚስት ነበሩ፤ ፍሪጁ ቆሞበት የነበረው ቦታ የወለሉ ላስቲክ ላይ አራት ማዕዘን ሆኖ ሲያበራ ራሱ ፍሬምናጦስ ነው በጣቱ ያሳያቸው።

«እማማ፣ ዛሬ ከዞርኩበት ቤት ሁሉ ዕቃውን ያልደበቀ ሰው ያየሁት እርስዎን ብቻ ነው» አለ ከልቡ። «እግዚአብሔር ያክብርዎት።»

እማማ ጎንበስ ብለው ምስጋናውን ተቀበሉ። እሱም ታብሌቱን ከላስቲኩ አወጣና፣ እያዘነ፣ መነካካት ጀመረ። ምን እየሞላ እንደሆነ ወይንሀረግ ሳታይ ታውቀዋለች።

ተናገሪ፣ ተናገሪ አላት ልቧ። አንድ ዓረፍተ ነገር እኮ ነው፤ ዕቃው የተውሶ ነው ማለት። ግን በገዛ ቤታቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ ያማረ ቤት ሲያሰናዱ አድረው፣ በእንግዳ ፊት እንዴት ትገፍፋቸው? እማማ ደግሞ ያወቁባት ይመስል ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም። አደራ ይላል አስተያየታቸው። ወደ አቶ ገረሱ ዞረች። ሽማግሌው ያንን ቴሌቪዥን ደሚቱ ቤት ስንት ኳስ አይተውበታል፤ አሁን ግን የጠፋ ነገር የሚፈልጉ ይመስል ጣሪያውን ይመረምራሉ። እሳቸውም የሰው ገመና አይገልጡም። እውነቱን የማያውቀው ልጅ ደግሞ ሞልቶ ሊጨርስ ነው። ወይንሀረግ በራሷ ተናደደች፣ በደሚቱ ተናደደች፣ በእማማም በጣም ተናደደች፤ ከሁሉም በላይ ግን አሳዘኗት።

ዝናቡ የመጣው ያን ጊዜ ነው። የነሐሴ ዝናብ፣ ሳያስጠነቅቅ፣ ቆርቆሮውን እንደ ከበሮ እየደበደበ። የእማማ ጣሪያ እንደሚያፈስ ሰፈሩ ያውቃል፤ ሌሊት ዕቃውን ሲያስቀምጡም የማያፈሰውን ጥግ መርጠው ነበር። ቆርቆሮው ግን አዲስ ቀዳዳ ከፈተ። አንዲት ጠብታ ዳንቴሉ ላይ ወረደች። ቀጥላም ሌላ።

እማማ ወለተሰንበት ጠብታዋን አዩ፣ ልጁን አዩ። ፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ሲፈርስ ወይንሀረግ አየች። ከተቀመጡበት ተነሱ፤ ነጩን ነጠላቸውን ከትከሻቸው ገፍፈው ቴሌቪዥኑን አለበሱት፤ በዚያ ቁርጥማት ባጎበጠው እጃቸው አቅፈው ያዙት።

«ልጄ፣ ተነስ እርዳኝ» አሉ። «የሰው አደራ ነው። ያለቻት ይቺው ብቻ ናት፣ ውሃ ነክቶባት ምን እላታለሁ?»

ፍሬምናጦስ ታብሌቱን እንደያዘ ቀረ። «የማን?»

«የደሚቱ። ሶፋውም የሰው ነው። ብርጭቆውም። እኔ የለኝም ልጄ። እንግዳ ሲመጣ ብዬ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ለማፈር እንኳ ጊዜ አልነበረም። ደሚቱ ደጅ ቆማ ስትሰማ ኖሮ ዘላ ገባች። ፍሬምናጦስ ጃኬቱን አወለቀና ቴሌቪዥኑን ሸፍኖ፣ በሸሚዙ ብቻ ዝናቡ ውስጥ ወደ ማዶው የደሚቱ በር ሮጠ። አቶ ገረሱ ብርጭቆዎቹን በትሪው ይዘው እንደ ሙሽራ ሚዜ ቀስ እያሉ ወጡ። ጎረቤት ተጠራርቶ ሶፋውን አንስቶ፣ እንደ ሌሊቱ በጎኑ አሹልኮ አስወጣው። መጋረጃው ወረደ። ቤቱ እየሰፋ ሄደ፤ ሲሰፋ አንጀት ይበላል። አልጋ፣ ጄሪካን፣ የዱሮ ማጠቢያ ሳፋ፣ መስኮቱ ሥር በወረቀት የተጠቀለሉ ግማሽ ክኒኖች ብቻ ቀሩ። እማማ ሳፋዋን ጠብታው ሥር አደረጉ። ወይንሀረግ ደግሞ እንባዋን ላለማሳየት ጎንበስ ብላ ምንጣፏን መጠቅለል ያዘች።

ፍሬምናጦስ ከራስ ጸጉሩ ውሃ እየተንጠባጠበ ተመለሰ። በሩ ላይ ቆሞ ቤቱን እንደ አዲስ አየው። ክኒኖቹ ላይ ሲደርስ ዓይኑ ቆመ። ታብሌቱን አንስቶ የጻፈውን ተመለከተ፤ በእጅጌው ሊጠርገው ሞከረ፣ እጅጌው ግን ራሱ ርሶ ነበር።

እማማ አልጋቸው ላይ ተቀመጡና ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

«አሁን ጻፍ» አሉት። «መጀመሪያ ግን ቁጭ በል፤ ቆሞ አይጻፍም።»

ልጁ እንደታዘዘው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ወይንሀረግ የተጠቀለለውን ምንጣፍ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወደ በሩ ስትራመድ እማማ ከኋላዋ ጠሯት።

«ወይኒ፣ ያንን ምንጣፍ ተይልኝ። እንግዳው ገና አልሄደም።»

ወይንሀረግ ተመለሰች። ምንጣፉን ከልጁ የራሰ እግር ሥር ዘረጋችው፤ የተቃጠለውን ጥግም ወደ አልጋው ሥር አዞረችው።