ለቆርቆሮ የሞተ ባል

ቤታቸው ለተቃጠለባቸው ሰላማዊ ሰዎች የጣሊያን መንግሥት ቆርቆሮና ምሰሶ ይሰጣል ተብሎ በቡሬ ገበያ ሲለፈፍ እኔ ጨርቅ ከምሸጥባት ሱቄ ደጃፍ በርበሬ እየሰፈርኩ ነበር። «አቃጣዩም እሱ፣ ከዳኙም እሱ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ባለቤቴ ኢሳ በክርኑ ጎሸመኝ። «ጦይባ ያሰበችውን ካልተናገረች ያማታል» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ እውነትም ያመኛል። ያ ጊዜ ግን አፍ የሚከፈትበት ጊዜ አልነበረም።

አዋጁ የልቧን ያደረሰላት ባንቺአየሁ ናት። ከቡሬ ወደ ወጀት በሚወስደው መንገድ ዳር ካለ ጎጥ ከሦስት ልጆቿ ጋር ተሰዳ መጥታ፣ በእኛ ቤት ጓሮ ባለችው የእህል ማስቀመጫ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ተከራይታ ልበል እንጂ ኪራዩን የምትከፍለኝ ጥጥ እየፈተለች ነው። ባሏ ዳኘው ጫካ ገብቶ ጣሊያንን ይዋጋል፤ በእሱና በመሰሎቹ ምክንያት ወታደር መጥቶ ጎጡን በሙሉ አመድ አድርጎታል። የእኔ ክፍል ጣሪያ ደግሞ ወንፊት ነው። የበልጉ ካፊያ ብቻ ትንሿን ልጅ ሳል አስይዟት ነበር። በዚያ ላይ የሽፍታ ቤተሰብ ያስጠጋ ቤቱ ይቃጠላል የሚል ትእዛዝ ወጣ። ሽፍታ የሚሉት እንደ ዳኘው ያለውን ነው።

«ከእኛ ጋር የምትቆየው እስከ ሰኔ ነው» አለኝ ኢሳ። «ከዚያ ወዲያ ለእሷም ለእኛም አይበጅም።» ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። ፈርቶ ነው፤ እኔም ፈርቻለሁ።

ለቆርቆሮው ጎረቤት ምስክር አምጪ ስለተባለች አብሬያት ወደ ሹሙ ቢሮ ሄድኩ። የጣሊያኑ ሹም ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ዝንብ ያባርራል። የሚያስፈራው አስተርጓሚው ገብረሰንበት ነው። ያገራችን ልጅ ስለሆነ ጣሊያኑ የማያውቀውን ሁሉ ያውቃል።

«ባልሽስ?» አላት።

«ሞቷል።»

ይህን እንደምትል አልነገረችኝም።

«መቼ ሞተ?»

«አምና ሰኔ፣ ቆላ ወርዶ ወባ ይዞት መጣ።» የጎጡ ወንዶች ወደ ጫካ የገቡት ከመስቀል በኋላ ስለሆነ፣ በእሷ አባባል ዳኘው ያኔ መቃብር ውስጥ ነበር ማለት ነው።

ገብረሰንበት ከላይ እስከ ታች አያት። «ታዲያ ከልሽ የታለ?»

«ከቤቴ ጋር ነደደ፣ ጌታዬ።»

ለጣሊያኑ በቋንቋው አንድ ነገር ነገረውና እንደገና ወደ እኛ ዞረ። «ሙት ዓመቱ ደርሷላ! መልካም፣ ስትደግሺ እኔም መጥቼ ነፍስ ይማር እላለሁ። ቆርቆሮው ከዚያ በኋላ ይደርስሻል።»

ከግቢው እንደወጣን ያዝኳት። «አንቺ! ባልሽን በቁሙ ገደልሽው እኮ!»

«ኧረ ተይኝ እቴ ጦይባ» አለችኝ። «እሱ በአፍ ቢሞት ምን ይሆናል? ልጆቼ ክረምቱን ያለ ቤት ከከረሙ ግን የእውነት ነው የሚሞቱብኝ።»

ምን ልበላት? ዝም አልኩ። እኔን ዝም ማሰኘት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የነፍስ አባቷን ቄስ ታከለን ማስማማት ነበረባት። እሳቸውም ጎጡ ሲቃጠል ወደ ቡሬ የተሰደዱ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ መስቀላቸውን ወደ ደረታቸው ሰበሰቡ። «በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት? ልጄ፣ ክህነቴን የት ልጣለው?» እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። ቄሱ አነሧትና «የዳኘው አባት የክርስትና ስማቸው ኃይለ ሚካኤል ነበር አይደል?» ብለው ጠየቋት።

እኔ እስላም ነኝ፤ ነገሩን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ክርስቲያኖች ለሙት ሲጸልዩ የሚጠሩት የቤት ስሙን ሳይሆን የክርስትና ስሙን ነው፤ ያን ስም ደግሞ ከቤተ ሰቡና ከነፍስ አባቱ በቀር ብዙ ሰው አያውቀውም። ቄስ ታከለ ከብዙ ዓመት በፊት ለሞቱት ለአባትየው ይጸልያሉ፣ ሰሚው ለልጅየው ይመስለዋል።

«ነገር ግን» አሉ ጣታቸውን አንሥተው፣ «አልዋሽም። አንድ ሰው ፊት ለፊት ቢጠይቀኝ እውነቱን ነው የምናገር።»

የሙት ዓመቱ ቀን ከእኛ ግቢ ዳስ ተጣለ። የመጣው ሰው ሁሉ ዳኘው በሕይወት እንዳለ ያውቃል፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይበላል። እኔ የእነሱን ሥጋ ስለማልቀምስ ንፍሮ ይዤ ዳር ተቀመጥኩ። ገብረሰንበት ሁለት ወታደሮች አስከትሎ መጣና ከቄስ ታከለ ጎን ተቀመጠ። ምነው ሌላ ቦታ ጠፋ!

ጸሎቱ ሲያበቃ ጠላውን እየተጎነጨ «አባ፣ ኃይለ ሚካኤልን የቀበሩት እርስዎ ነዎት?» አላቸው።

«እኔ ነኝ።»

«እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

«ደግ ሰው። ንስሐውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ።» ይህ ሁሉ ስለ አባትየው እውነት ነው። ባንቺአየሁ ማንቆርቆሪያ ይዛ ቆማለች።

«እና በወባ ነው የሞተው?»

ሽማግሌው ኃይለ ሚካኤል የሞቱት ከበቅሎ ወድቀው እንደሆነ ዳሱ ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ ያውቃል። ቄስ ታከለ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ አየሁ። ሊናገሩ ነው! ኢሳን ሲሰቅሉት፣ ቤቴ ሲነድ፣ ልጆቹ ሲበተኑ በዓይኔ መጣብኝ። ምላሴ እንደ ልማዷ ቀደመችኝ።

«ጌታዬ፣ በእናንተ ደንብ ሙት ዓመት የሚመጣው ነፍስ ይማር ለማለት ነው ወይስ ሟቹን ለመመርመር? እኛ እስላሞቹ እንኳ ለቅሶ ቤት እንዲህ አናደርግም።»

ኢሳ ዓይኑን ጨፈነ። ገብረሰንበት ትክ ብሎ አየኝና ከዚያ ዙሪያውን አየ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ያዩታል። ለጣሊያን ቢያድርም ነውር የሚያውቅ የሰው ልጅ ነው፤ በአገሩ ሰው ፊት ባለጌ መባሉን አልወደደም። ፊቱ ቀላ። «ነፍስ ይማር» ብሎ ዋንጫውን ጨለጠና ተነሣ።

ቆርቆሮው መጣ። የሰፈሩ ሰው እዚያው ቡሬ በደቦ ወጥቶ ምሰሶውን ተከለ፣ ግድግዳውን መረገ፤ ክረምቱ ሲገባ ባንቺአየሁ ባለቤት ሆነች። የመጀመሪያው ዶፍ ሲወርድ ከእሷ ዘንድ ነበርኩ። ጣሪያው ይጮኻል እንጂ አንዲት ጠብታ አላስገባም። ልጆቹ ሳይረጥቡ ተኙ። እሷ ደጃፉ ላይ ቆማ ስትስቅ አየኋት፤ ደስ አለኝ፣ በጣም ደስ አለኝ። ጎረቤቷ የገብረሰንበት እናት እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ሆኑ። ልጃቸውን አይመስሉም፤ ደግ ነበሩ። ሽሮ ሲፈጩ ለእሷም ቆንጥረው ይልኩላት ነበር።

ነሐሴ ላይ ኢሳ ከወጀት ገበያ አህዮቹን እየነዳ ተመለሰ። ጭነቱን ሳያራግፍ ወደ ውስጥ ጠራኝ። «ዳኘው ወደቀ» አለኝ። ወንዝ ሲሻገሩ ጣሊያኖች ተኩስ ከፍተውባቸው ነው፤ ጓደኞቹ ቀብረውታል።

መርዶ በእኛ አገር ሥርዓት አለው። ሽማግሌና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ገና ጎሕ ሲቀድ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነው የሚያረዳው፤ ሐዘንተኛው ሲጮህ የሚይዘው ሰው አለ፣ አብሮት የሚጮህ ሰው አለ። እኔ ግን ወደ ባንቺአየሁ በቀትር ብቻዬን ሄድኩ። ምስር እየለቀመች ነበር። በግድግዳው ማዶ ገብረሰንበት ከእናቱ ጋር ሲጫወት ድምፁ ይሰማል። ጆሮዋ ሥር ተጠግቼ ነገርኳት።

እጇ ምስሩን መልቀም ቀጠለ። ከዚያ ቆመ። የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎሰረችና ደረቷ እስኪሰነጠቅ ታገለች። ገብረሰንበት ማዶ ሆኖ ሳቀ።

ነጠላውን ስታወጣው «አላለቅስም» አለችኝ። «ሙት ዓመቱ ለወጣለት ሰው ምን ለቅሶ አለው?»

ለልጆቹ አልነገረቻቸውም። ልጅ የሰማውን ይናገራል። ጠጉሯን አልተላጨችም፣ ፊቷን አልነጨችም፣ ጥቁር አልለበሰችም። ገበያ ስትወጣ ከሁሉም ጋር ሰላም ትባባላለች። እህል ግን አልወርድላት አለ። ከስታ ከስታ አጥንቷ ቀረ። ያልተለቀሰ ሐዘን ሰው እንደሚገድል ያን ጊዜ አየሁ። ተናደድኩ፤ በጣሊያኑም፣ በቆርቆሮውም፣ በራሷም ተናደድኩ። ለቅሶ ቤት ሁሉም የራሱን ነው የሚያለቅስ ይባላል፤ እንግዲህ አላህ ይቅር ይበለኝና፣ የሚሞት ሰው ባገኘሁላት እያልኩ የሰፈሩን አሮጊትና ሽማግሌ ሳል አዳምጥ ጀመር።

የሞቱት እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ናቸው፤ መስከረም ላይ፣ ተኝተው ሳይነሡ ቀሩ። የለቅሶው ድምፅ ሲሰማ ሮጬ ስደርስ ባንቺአየሁ ቀድማኛለች። ሰዉ ከግቢው አልፎ መንገድ ሞልቷል። ጣሊያኑ ሹም እንኳ ኮፍያውን አውልቆ ቆሟል። ገብረሰንበት እናቱ ሬሳ አጠገብ ተንበርክኳል። ባንቺአየሁ መሐል ገብታ ጮኸች። እንዲያ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም። ፊቷን ነጨች፣ ደረቷን ደቃች፣ መሬት ላይ ተንከባለለች። ከዚያ ተነሥታ ሙሾ ታወርድ ጀመር፦

«ቤቴስ አያፈስም፣ ቆርቆሮ አግኝቷል፤
ዓይኔ ነው የሚያፈስ፣ ክዳኑ ተነሥቷል።»

ከጎጧ የተሰደዱት ሴቶች ተቀበሏት። ለማን እንደምታለቅስ ሁሉም ገብቷቸዋል፤ እነሱም ጫካ የቀረ አላቸው። እኔ ወገቧን አቅፌ ያዝኩ። የዳኘውን ስም እንደ ትኩስ ሙት ከጠራች አለቀልን። ከንፈሯ «ዳ...» ብሎ ሲነሣ አየሁትና ፊቷን ደረቴ ውስጥ ቀበርኩት፤ ስሙን እዚያው ጮኸችው። አጥንቴ ውስጥ ሲገባ ተሰማኝ። ማንም ሌላ ሰው አልሰማም።

ያን ማታ እንጀራ በላች።

በሠልስቱ ማግስት ገብረሰንበት ቤቷ መጣ። እኔም እዚያ ነበርኩ፤ ገና ከደጅ ሳየው አወቀብን አልኩ። እሱ ግን ዓይኑ አብጧል፤ መደቡ ላይ ተቀምጦ እጆቹን አያቸው።

«እናቴን እንዲህ ትወጂያት እንደነበር አላወቅሁም» አላት። «እኔ ልጇ እንዳንቺ አላለቀስኩላትም። ከዛሬ ጀምሮ እህቴ ነሽ። ምን ላድርግልሽ? ንገሪኝ ብቻ።»

እህል ጠይቂው፣ አንድ ላም ጠይቂው አልኩ በሆዴ። ባንቺአየሁ ከመሬት ዓይኗን ሳታነሣ መለሰች።

«ጌታዬ፣ ዘመድ ሳትሆን ብሎ ሰው እንዳያማኝ እርስዎ ይፍቀዱልኝ። እስከ ሙት ዓመታቸው ከል ልልበስላቸው።»

ገብረሰንበት ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ አለቀሰ። ከዚያ ተነሥቶ ሱቄ ድረስ መጣና ጥቁሩን ጨርቅ ራሱ መረጠ፣ ራሱ ገዛላት። ለክቼ ቀደድኩለት። በማግስቱ ባንቺአየሁ ለባሏ ከል ለብሳ ገበያ ወጣች።