ሳህን ያልመለሰው ሰውዬ

ዌንደል ታገርት ከቅርጫት ኳስ ቡድኑ መልቀቅ እንደሚፈልግ የሰማው ፀጉር ቤት ተቀምጦ፣ ምላጭ አንገቱ ላይ እያለ ነው። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን አንድ ክራባቱን ያጠበቀ የስፖርት ወሬኛ፣ "የውስጥ ምንጮች እንደነገሩኝ፣ የሪቨርመኑ አንጋፋ ተጫዋች ዌንደል ታገርት ዋንጫ ወደሚያገኝበት ቡድን በልውውጥ እንዲሄድ ራሱ ጠይቋል" አለ። ፀጉር ቤቱ ጸጥ አለ። የሴንት ሉዊስ ፀጉር ቤት ቅዳሜ ጠዋት ጸጥ የሚለው ሰው ሲሞት ብቻ ነው።

"ልጄ፣" አለ ሽማግሌው ክሌተስ፣ ምላጩን ከአንገቱ ሳያነሳ፣ "ይሄን የመሰለ ነገር እኔ ከቴሌቪዥን ልስማው?"

"እኔም እኮ አሁን ካንተ ጋር ነው የሰማሁት።"

"ስለ ራስህ? ከእኔ እኩል?"

ወረፋ የሚጠብቅ አንድ ወፍራም ሰውዬ ጋዜጣውን አጠፈ። "ይሂድ ተዉት! ጉልበቱ ሲንቋቋ እኮ እኔ ስታዲየሙ ጣሪያ ሥር፣ ርካሹ ወንበር ላይ ተቀምጬ ይሰማኛል። ዋንጫ ይላል ደሞ! ከዘራ ግዛ ወንድሜ፣ ከዘራ!"

ሁሉም ሳቁ። ሌላ ቀን ቢሆን ዌንደል የሰውዬውን ቦርጭ አንስቶ ልክ ልኩን ይነግረው ነበር፤ እዚያ ቤት ሳይሰደቡ መላጨት የለም። የዚያን ቀን ግን ሳቁ ውስጥ ቂም ነበረ። ሰዎቹ አዝነውበታል። ከዚሁ ሰፈር ወጥቶ፣ እዚሁ ተጫውቶ፣ እዚሁ የሸበተ ልጃቸው ነው። አሁን ጥሏቸው ሊሄድ ነው ተባለ፣ እነሱም አመኑ።

"ምንጮች" የተባለው ማን እንደሆነ ለማወቅ ዌንደል ጠንቋይ ቤት መሄድ አላስፈለገውም። ምንጩ አንድ ነው። የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ክሬግ ሆሊስተር ነው።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሐምሌ፣ የዌንደል አባት ሩፈስ በተቀበረበት ቀን ነው። ሩፈስ ታገርት ዕድሜውን ሙሉ የግራንድ ጎዳናን አውቶቡስ የነዳ ሰው ነበር። ሲሮጥ በመስታወት ያየውን ሰው ጥሎ ሄዶ አያውቅም፤ ተሳፋሪው ቢያጉረመርምም፣ አለቃው ቢቆጣም ቆሞ በሩን ይከፍታል። ከቀብር መልስ ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወርዶ የተጠበሰ ዶሮ፣ ጎመንና በአይብ የተጋገረ ማካሮኒ ሲበላ ሆሊስተርም ጥቁር ሱፉን ለብሶ መጣ። በላ። ደገመ። ከዚያ ዌንደልን ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው።

"ዌንደል፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ" አለ። እንዲህ የሚል ሰው ጊዜውን አስልቶ ነው የሚመጣው። "ሊጉ የወሰነብን የደመወዝ ጣሪያ አናታችን ላይ ወርዷል። አንተ የሚገባህን ካገኘህ ጣሪያውን እንበሳዋለን፣ የቡድኑ ባለቤት ቅጣቱን በእጥፍ ይከፍላል፣ ያንን ረጅም ሰርቢያዊ ተጫዋች ማስፈረም አንችልም። ዘንድሮን በትንሽ ደመወዝ፣ በአንድ ዓመት ውል ያዝልኝ። በመጪው ሐምሌ የሦስት ዓመት ውል በሙሉ ደመወዝ። ጫማህን እዚሁ ከተማህ ትሰቅላለህ።"

እንዲህ ያለ ቃል በወረቀት አይሰፍርም። ከሰፈረ ሊጉ ቡድኑን ይቀጣል። ስለዚህ በዚያ ሙያ ትልልቁ ነገር ሁሉ የሚያልቀው በመጨባበጥ ነው፤ ጨብጦ የሚከዳ ሰው ደግሞ ክፉ ስሙ እስኪሞት ይከተለዋል ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ። ዌንደል የአባቱ አፈር ከጫማው ሳይራገፍ ጨበጠው።

ሆሊስተር ሊወጣ ሲል የዌንደል እናት ኦዴሳ ማካሮኒና ዶሮ በአልሙኒየም ወረቀት ሸፍና ሰጠችው። ሳህኑ ሰማያዊ አበባ ያለበት፣ ለክብር እንግዳ የምታወጣው ነው። የዚያ ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ሳህናቸው ሥር ስማቸውን በፕላስተር ይለጥፋሉ። ሳህኑ ምግብ ይዞ ይሄዳል፣ ታጥቦ ይመለሳል። የሰፈሩ ሰካራም እንኳ ይመልሳል። ሆሊስተር ጉንጯን ስሞ፣ "እናታችን፣ ለሩፈስ ስል ልጅሽን በአደራ እጠብቀዋለሁ" ብሎ ወጣ።

ዌንደል ከፀጉር ቤቱ በቀጥታ ወደ እናቱ ሄደ። ኦዴሳ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ነበር።

"አባትህ አፈሩ ሳይደርቅ ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?"

"ማዘር፣ ውሸት ነው። እኔ አልጠየቅኩም። ሆሊስተር ሊሸጠኝ ፈልጎ ነው ወሬውን የለቀቀው።"

"እንዴ! ያ ሰውዬ እኮ ለቅሷችን ላይ መጥቶ በልቷል። የአባትህን ስም ጠርቶ አደራ ብሎኛል። እንዲህ ያለ ሰው አይዋሽም።" ዓይኗን ከእሱ ላይ አነሳች። "አንተ እንደሆንክ ድሮም ለመሄድ ስትፈልግ ቀስ ብለህ፣ ሳትነግረኝ ነው።"

ይሄ ነው የገደለው። ከተማው ቢጠላው ይችለዋል። በሳምንቱ ሜዳ ሲገባ የገዛ ደጋፊዎቹ ጮኹበት፤ እሱንም ቻለው። የወለደችው እናት ግን ከእሱና ከሆሊስተር ሆሊስተርን አመነች። ዌንደል በዕድሜው እንዲህ ተናዶ አያውቅም። ሌሊት ጥርሱን እያፋጨ አደረ፤ ጠዋት መንጋጋው አመመው። ስሙን እናቱ ፊት ሳያጠራና ያንን ሰውዬ በራሱ አፍ ሳያዋርደው እንቅልፍ እንደማይኖረው አወቀ።

ውሉን የምትደራደርለት ቨርና ሎውሪ ዘንድ ሄደ። ቨርና ስንት ሥራ አስኪያጅ ያስለቀሰች አሮጊት ናት። ነገሩን ሰምታ መነጽሯን አወለቀችና ሳቀች።

"ያ ጅል ውሉን ሲያስፈርምህ ምን እንደሰጠህ ታውቃለህ? አንድ ቡድን ውስጥ የቆየ ተጫዋች በአንድ ዓመት ውል ከተያዘ ያለ ጽሑፍ ፈቃዱ ንቅንቅ አያደርጉትም። ከሄደ የነባርነት መብቱ ይጠፋበታላ! ደንብ ነው። ካልፈረምክ ልውውጥ የለም።"

"ይሄን አያውቅም?"

"ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ግን አንጋፋ ሁሉ በመጨረሻ እንደሚፈርም ነው የሚያውቀው። መጀመሪያ ስምህን ያጠፋዋል። ከዚያ ከተማው ሲተፋህ አንተው ራስህ እስክሪብቶ ስጡኝ ትላለህ። ወሬው ለዚህ ነው የወጣው፣ የኔ ልጅ።"

"እሺ ብዬ እጁን ልጨብጠው" አለ ዌንደል።

"ፊርማህንስ?"

"እሱም እጄን ጨበጠኝ እንጂ አልፈረመልኝም። የሚያገኘውም እጅ ነው።"

ቨርና መነጽሯን መልሳ አደረገች። "እኔን ከጠየቀኝ ዌንደልን ጠይቀው እለዋለሁ። አልዋሽልህም፣ አፌንም አልከፍትም።"

በማግስቱ ሆሊስተር ቢሮ ገባ። ሰውዬው ፊቱን አሳዝኖ፣ ወሬውን ማን እንዳወጣው እንዳላወቀ፣ ነገር ግን ከተማው እንዲህ ከሆነ ለዌንደልም ቢሄድ እንደሚሻለው ተናገረ። ሦስት ቡድኖች የሚገቡበት ትልቅ ልውውጥ ነው። ከምዕራብ ጠረፍ አንድ ኮከብ ይመጣል፤ ሒሳቡ ከጣሪያው በታች የሚገጥመው ያቺ የዌንደል ትንሽ ደመወዝም ከሄደች ብቻ ነው።

ዌንደል እየሰማ ጠረጴዛውን ያይ ነበር። የእናቱ ሳህን እዚያ ተቀምጧል። ሰማያዊ አበባው ላይ ከረሜላ ተሞልቶበታል። ሆሊስተር አየውና ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገለት። "ውሰድ እንጂ፣ ሚንት ነው።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዌንደል ትንሽ ያመነታ ነበር። እግዚአብሔር ይይለትና፣ ሆሊስተር ራሱ አስጨከነው። አንድ ከረሜላ አነሳ፣ ፈገግ አለ፣ እጁን ዘረጋ።

"ለቡድኑ የሚበጀውን አድርግ። እኔ አላስቸግርም።"

ሆሊስተር ዓይኑ እንባ አቀረረ። "አንተ ጨዋ ሰው ነህ። አባትህን ነው የመሰልከው" አለ። ይህንንም ጨመረበት!

ከዚያ በኋላ የሆነው ለማየት ያስደስት ነበር። ሆሊስተር ለቡድኑ ባለቤት ደውሎ ነገሩ አልቋል አለ። ባለቤቱ፣ ያ ጉረኛ ባለጸጋ፣ በእራት ግብዣ ላይ ኮከቡ የእኔ ነው ብሎ ብርጭቆ አነሳ። የስታዲየሙ ሱቅ የኮከቡን ስም ማልያ ላይ ማተም ጀመረ። ሆሊስተር የፈቃድ ወረቀቱን ለዌንደል ሲልክ ዌንደል፣ "በመጨረሻው ቀን መጥቼ ፊት ለፊት እፈርማለሁ፣ ተሰናብቼህም እሄዳለሁ" አለው። ሆሊስተር ነገሩን እንደ ትልቅነት ቆጠረው።

የልውውጡ በር የሚዘጋው የካቲት ውስጥ ሐሙስ ቀን፣ በሴንት ሉዊስ ሰዓት ከቀኑ ስምንት ላይ ነው። ከዚያ አንዲት ደቂቃ ያለፈች ወረቀት ሊጉ አይቀበልም። ዌንደል ከሰዓቱ ቀደም ብሎ ልምምድ ቦታው መኪና ማቆሚያ ደርሶ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ተቀመጠ። ስልኩ ጮኸ።

"ዌንደል! የት ነህ? ወረቀቱ እዚህ ነው፣ ሁሉም አንተን ነው የሚጠብቀው!"

"ደጅ ነኝ።"

"እሺ ግባ!"

"ጋዜጠኞቹ አዳራሹ ውስጥ ናቸው አይደል? ካሜራቸው በርቷል?"

"በርቷል፣ ምን ነው?"

"ውጣና ንገራቸው። ልውውጥ የጠየቅኩት እኔ እንዳልሆንኩ ንገራቸው። ወሬውን ማን እንደለቀቀው ንገራቸው። በአባቴ ለቅሶ ላይ ምን ብለህ እንደጨበጥከኝም ንገር።"

"ዌንደል፣ ይሄን ካልኩ ሊጉ ይቀጣኛል። ባለቤቱ..."

"ሰዓት እየሄደ ነው፣ ክሬግ።"

ዌንደል ስልኩ ላይ ሥርጭቱን ከፈተ። ሆሊስተር ካሜራ ፊት ወጣ። ላብ አጥምቆታል። እየተንተባተበ ሁሉንም ተናገረ፤ ልውውጡን የፈለገው እሱ መሆኑን፣ ወሬውን ያወጣው እሱ መሆኑን፣ በቀብሩ ቀን የሰጠውን ቃልም ሳይቀር። ጋዜጠኞቹ መጮህ ሲጀምሩ ጥሏቸው ሮጠ። ዌንደል ሥርጭቱን እስከ መጨረሻው አየው። ጣፋጭ ነበር፣ ውሸት ምን ያደርጋል።

ጉዳዩ አልቋልና ማርሽ አስገባ። ቀና ሲል ግን በመስታወቱ ሰውዬውን አየው። ሆሊስተር ኮት ሳይደርብ፣ በቀጭን ጫማው በረዶው ላይ እየተንሸራተተ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ እየሮጠ ነው።

ዌንደል የሩፈስ ልጅ ነውና እግሩ ፍሬኑን ረገጠ። መስኮቱን አወረደ።

"አድርጌዋለሁ!" አለ ሆሊስተር ትንፋሹ እየተቆራረጠ። "ያልከውን ሁሉ አድርጌዋለሁ! ፈርም፣ በእግዚአብሔር!" ወረቀቱን በመስኮቱ አስገባው።

ዌንደል አልተቀበለውም። "የእናቴ ሳህን የት አለ?" አለው።

መልሱ ሌላ ቢሆን ኖሮ ይፈርም ይሆን? እሱም እስከ ዛሬ አያውቀውም።

ሆሊስተር አፉን ከፍቶ አየው። "ሳህን? የምን ሳህን?"

መስኮቱ ቀስ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ሆሊስተር እጁን በጊዜ አወጣ፤ ወረቀቱ ግን ተይዞ ቀረ፣ ዌንደል ሲነዳም በነፋስ እየተርገበገበ አብሮት ሄደ። ስምንት ሰዓት ሆነ።

ኮከቡ ሌላ ከተማ ገባ። ማልያዎቹ በካርቶን ታሽገው ተመለሱ። በረዶው ሳይቀልጥ ሆሊስተር ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ።

ያን ዕለት ግን ዌንደል በቀጥታ የሄደው እናቱ ቤት ነው። ኦዴሳ ሁሉንም በቴሌቪዥን አይታለች። ልጇን አቅፋ አላለቀሰችም፣ ይቅርታም አላለችም፤ እንደዚያ ያለች ሴት አይደለችም። የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ፊቱ አቀረበችና ከፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ሰውዬው በዚያ በረዶ ሲሮጥ አሳዩት። አባትህ ቢሆን ይቆምለት ነበር።"

"እኔም ቆሜለታለሁ፣ ማዘር። መስኮቱን ከፍቼ ሳህንሽን ጠየቅኩት።"

ኦዴሳ ቀና አለች። "ምን አለህ?"

"የምን ሳህን አለኝ።"

ኦዴሳ ተነስታ ሌላ ቁራጭ ሥጋ ደረበችለት።

"ብላ" አለችው።