ፋንታዬ ያረፈደችባቸው ቅዳሜዎች

«ተራራቁ እንጂ፤ ሁለት ሜትር ነው የተባለው» አለ ዳኛቸው።

«በየት በኩል?» አለች ሜላት። «ክፍሏ ራሷ ሦስት ሜትር አትሞላም። ግማሻችን ጣራ ላይ ወጥተን እናልቅስ?»

ማንም አልሳቀም። ሐሙስ ነው፤ ፋንታዬ በኮሮና ሞታ፣ ከሆስፒታል በቀጥታ ተወስዳ የተቀበረችበት ቀን። ሬሳዋን ያየ፣ ሳጥኗን የነካ የለም። ለቅሶ የተቀመጡት እዚሁ ዓረብ አገር፣ ጀበል አል-ሁሴን በሚባል ሰፈር፣ ሜላትና ፀደይ በተከራዩአት ክፍል ነው። አራተኛ ፎቅ ይሉታል እንጂ፣ ደረጃውን ለወጣው ሰው ከመንግሥተ ሰማይ የሚያንሰው በአንድ ፎቅ ብቻ ነው።

ዳኛቸው የትልቁ ኅብረት አገልጋይ ነው፤ አዳራሹ ከተዘጋ ወዲህ በስልክ ያስተምራል። ሊሄድ ጫማውን እያጠለቀ የመጣበትን ተናገረ።

«እህቶቼ፣ ይህችን የጸሎት ቤት የያዘቻት ፋንታዬ ነበረች። አሁን መሪ የላችሁም። ከምትበተኑ የእኔን ትምህርት በስልክ ብትከታተሉ ይሻላል። ቅዳሜ መጥቼ እጸልይና እንዘጋዋለን።»

ሜላት «እሺ» ለማለት ትንሽ ነው የቀራት። በቀን ሁለት ቤት ታጸዳለች፤ እጇን በረኪና በልቶታል፣ ወገቧ የሷ አልመስል ብሏታል። ሰው መሰብሰብ የሚባል ነገር ታክቷታል። «እናስብበት ጋሼ» አለች። ሀዘር የሚሉት የሰዓት እላፊ ሊገባ ሲል ለቀስተኛው እየተጣደፈ ወረደ።

አርብ ሙሉ ቀን ከቤት መውጣት ክልክል ነው። ሁለቱ ፍራሻቸው ላይ ተጋድመው ዋሉ።

«የመጨረሻው ቅዳሜ ምን እንዳልኳት ታስታውሻለሽ?» አለች ሜላት።

ፀደይ ታስታውሳለች።

አዳራሹ ሲዘጋ ስድስት ሴቶችን እዚህ ክፍል የሰበሰበቻቸው ፋንታዬ ናት። «ፍራሽ ካለ፣ ሦስት ሰው ካለ፣ ቤተ ክርስቲያን አለ» ትል ነበር። ዓመት ሳይሞላ ከዚች ክፍል ሁለት ሌሎች ትንንሽ ጉባኤዎች ተወለዱ። አንዷ ስዌይለህ ሰፈር ናት። ሌላዋ ዴር ግባር፣ አንድ ቪላ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ፤ ሁለት የቤት ሠራተኞች ማሽኑ ሲጮኽላቸው ይጸልያሉ፣ ማሽኑ ሲያቆም «አሜን» ይላሉ።

ግን ይህች ሴት አንድ ቀን በሰዓቱ ደርሳ አታውቅም። ሰበቧ ደግሞ!

«የአውቶቡሱን ሹፌር እንቅልፍ ጣለው። ከስዌይለህ እዚህ ድረስ የነዳሁት እኔ ነኝ።»

«የማዳሜ ድመት ኮሮና ተገኘባት። እኔንም አብረው ሊዘጉብኝ ሲሉ በመስኮት ዘለልኩ።»

«ስንተኛ ፎቅ ነበርሽ እትዬ?»

«ስድስተኛ። ነጠላዬ እንደ ጃንጥላ ተነፋልኝ።»

እሷን መጠበቅ ሲሰለቻቸው ራሳቸው ጀመሩ። አንዷ አነበበች፣ ሌላዋ ጸለየች። ፋንታዬ መሐል ላይ እያለከለከች ትገባና ጫማዎቹ አጠገብ ትቀመጣለች። «ምን ይላል? ታዲያ ምን እናድርግ?» ብላ ትጠይቃለች። ከዚያ ሌላ ቃል የላትም።

የመጨረሻው ቅዳሜ ሜላት ገንፍላ፣ «አንቺ እኮ የራስሽ ቀብር ላይም ታረፍጃለሽ!» አለቻት። ፋንታዬ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከሰዓት በኋላ ከሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታቸው ዘሊኻ ሩዝና ማራሚያ የሚሉት ቅጠል የገባበት ሻይ ይዛ ወጣች። በዚያ ቀን ሊደርሳቸው የሚችል ሰው እሷ ብቻ ናት።

«አላህ ያጽናችሁ። እኔስ ከእንግዲህ ቅዳሜ ሻይ ለማን ላፍላ?»

«ለማን ታፈይ ነበር?» አለች ሜላት።

«ለፋንታዬ ነዋ! እናንተ ሳትሰበሰቡ መጥታ በራፌ ላይ፣ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች። ግቢ ስላት፣ ‹ቆይ፣ ድምፃቸውን ልስማ› ትለኛለች። ይቺ ፀደይ መጀመሪያ የጸለየችበት ቀን አንቃ ልትገድለኝ ነበር በደስታ። ‹ለምን ገብተሽ አትሰሚም?› ብላት፣ ‹እኔ ካለሁ እኔን እያዩ አፋቸውን ይይዛሉ› አለችኝ።»

«ግን ሁልጊዜ ታለከልክ ነበር እኮ» አለች ፀደይ።

«ምን እሷ! ከመግባቷ በፊት ሁለቴ ታች ወርዳ ትወጣለች፤ ላብ እንዲወጣት።»

ሜላት ሻይዋን አስቀምጣ በበሩ በኩል ወደ ደረጃው አየች።

«ድመቷስ?» አለች ፀደይ።

«የምን ድመት?» አለች ዘሊኻ።

ቅዳሜ ሴቶቹ መጡ፤ ዳኛቸውም መጣ። ሁሉም ዓይናቸውን እሱ ላይ ጣሉ። ጉሮሮውን ጠረገና ሊነሣ ሲል ሜላት ቀደመችው።

«ጋሽ ዳኛቸው፣ አይቀየሙኝ። ይቀመጡ፤ እዚህ ቤት እንግዳ ነዎት። አንዘጋውም።»

«መሪያችሁ ማን ሊሆን ነው ታዲያ?»

ሜላት መጽሐፍ ቅዱሱን አንሥታ ለፀደይ ሰጠቻት።

«እኔ? እንደ ኤሊ እኮ ነው የማነበው!»

«ሀዘር እስኪገባ ጊዜ አለን።»

ፀደይ ጣቷን ከፊደሉ ሥር አድርጋ ጀመረች። ሁለተኛው መስመር ላይ አንድ ቃል ያዛት፤ ቆመች፣ ተመለሰች፣ ደግማ ሞከረች። ሜላት ቃሉን ታውቀዋለች። ልትነግራት አፏን ከፈተች፤ የፋንታዬ ‹ቆይ› ትዝ አላትና መልሳ ዘጋችው። ማስኳንም በሁለት እጇ ይዛ፣ እስከ ዓይኗ ድረስ ወደ ላይ ሳበችው።