የአርባኛዋ ልጅ ፋይል

«ስንት ናችሁ?» አለች ታናሽ እህት፣ ቢሮው በር ላይ ቆማ የጫማዋን ጭቃ እየጠረገች።

«አርባ» አለች መዝገብ ያዧ ከወንበሯ ሳትነሳ። «ልክ አርባ። ማንም አይዘጋንም።»

እህት ሳቀች። «ኧረ እኔስ እዚህ ቢሮ ውስጥ ስንት ሆናችሁ ነው የምትሠሩት ማለቴ ነው። የምቀመጥበት አጣሁ እኮ።»

መዝገብ ያዧ አፍራ ከበርጩማው ላይ የፋይል ካርቶን አነሳችና በርጩማውን ገፋችላት። ምነው አፌን በያዝኩ አለች በሆዷ።

ቁጥሩ ሰሞኑን ከአፏ አልለይ ብሏል። ከአርባ ተማሪ በታች ያለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሌላ ጋር ይቀላቀላል ተብሏል፤ ቆጣሪዎቹ የሚመጡት ዓርብ ነው። ዘጠነኛ ክፍል አሥራ አራት፣ አሥረኛ አሥራ አንድ፣ አሥራ አንደኛ ዘጠኝ፣ አሥራ ሁለተኛ ስድስት። ሴት ሃያ ሦስት፣ ወንድ አሥራ ሰባት። የሚቆጠረው ደግሞ ልጁ ሳይሆን ፋይሉ ነው። እህቷ ርዕሰ መምህር የሆነችበት ትምህርት ቤት ዘጠኝ መቶ ተማሪ አለው፤ የዚያ ልጆች ይኼኛውን «ሚኒባሱ» ይሉታል፣ ጠጋ ጠጋ ካላችሁ አንድ ሚኒባስ ይበቃችኋል ሲሉ።

«መሸኛ ልወስድ ነው የመጣሁት፣ እትዬ» አለች እህት። «ልጄ ከኔ ጋር ትማር። እኛ ጋ ቤተ ሙከራም አለ።»

«ልጄ» አለች። እህቷ ለትምህርት ርቃ ስትሄድ ልጅቷ ገና አራት ዓመቷ ነበር። ኩፍኝ ሲይዛት አጠገቧ ቁጭ ብላ ያደረችው፣ የመጀመሪያ ጥርሷን በወረቀት ጠቅልላ ያስቀመጠችው መዝገብ ያዧ ናት፤ ልጅቷ ዛሬም የምታድረው እሷው ቤት ነው። ለታናሿ ዲግሪው፣ ለታናሿ ወንበሩ፣ ለታናሿ ዘጠኝ መቶው። አሁን ደግሞ ይቺም አንዷ። እርር ድብን አለች፤ ድምጿ ግን አልተለወጠም።

«ማህተሙ ተቆልፎበታል። ሰኞ ነይ።»

ልጅቷ ደብተሯን አቅፋ በሩ ጋ ቆማ ነበር። «እቴቴ፣ ማህተሙ ቦርሳሽ ውስጥ አይደል?» አለች። ተንኮል አልነበረባትም። የመሳቢያው ቁልፍ ከተሰበረ ወዲህ ማህተሙ ከነሱው ጋር እየሄደ ከነሱው ጋር ይመለሳል።

ነገሩ የገባት እህት የልጇን ኮሌታ እያስተካከለች፣ «ይሁን» አለች በለሰለሰ ድምፅ። «ፋይሉ እስከ ዓርብ እዚሁ ይቆይልሽ። እኔ እንደሆን ዘጠኝ መቶ አለኝ፤ አንድ ቢጎድልብኝ ማን ያየዋል?»

ብትሰድባት ይሻል ነበር። ያን ኮሌታ ጠዋት የተኮሰችው መዝገብ ያዧ ራሷ ነበረች።

«ስጪኝ ብዬሻለሁ?»

«እትዬ ደግሞ፣ እኔ እኮ ለአንቺው ብዬ...»

«ፈርሚ። እዚህ ጋ።»

መሸኛውን ጻፈች፤ ማህተሙን በትንፋሿ አሙቃ መታችበት። የልጅቷን ስም ከመዝገቡ ላይ በማስመሪያ ሰረዘችና ከሥሩ ሴት ሃያ ሁለት ብላ አረመች። ፋይሉን ለእህቷ አቀበለቻት። ልጅቷ አንዴ አንዷን አንዴ ሌላዋን አየች፤ የጠየቃት ግን አልነበረም።

ዓርብ ቆጣሪዎቹ መጥተው ሠላሳ ዘጠኝ ፋይል ቆጠሩ። በተከታዩ ዓመት ትምህርት ቤቱ ከእህቷ ትምህርት ቤት ጋር ተቀላቀለ። መዝገብ ያዧም ስድስቱ ተመርቀው የቀሩትን ሠላሳ ሦስት ፋይሎች በካርቶን ይዛ፣ ከእህቷ ቢሮ ፊት ለፊት ባለው ክፍል ሥራ ጀመረች።