ዋስ ያላገኘው ተከራይ

በጥር የመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ደብረ ብርሃን ባለው የሰፈራችን ዕድር ግቢ ውስጥ ሊቀመንበሩ አቶ ወልደአረጋይ፣ አከራዬ እትዬ ፍቅርተ፣ ጎረቤታችን ይመኙሻል፣ ሽማግሌው ጋሽ ወገኔና ሌሎች ብዙ ሰዎች ተገኝተው ነበር። እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ።

ሰፈራችን ሌባ የበዛበት ነው። ስልክ በጠራራ ፀሐይ ይነጠቃል፤ በግ ከነገመዱ ይሄዳል። ስለዚህ ሰው ሁሉ ገና ሳይመሽ በሩን ይቀረቅራል። አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ የተከለም አለ። በጠዋት ወደምሠራበት ብሎኬት ማምረቻ ወጥቼ ማታ ስመለስ መንገዱ ላይ ውሻ እንጂ ሰው አላገኝም። ከመዘዞ ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እስካሁን "እንዴት አደርክ" የሚሉኝ እትዬ ፍቅርተ ብቻ ናቸው።

የዚያን ቀን ዕድሩ፣ ከአባላቱ መካከል ዋስ ያላገኘ ተከራይ ሰፈሩን እንዲለቅ ወሰነ።

"እኔ ዋስ ልሁነው ብል ለኪራይዋ ነው ትሉኛላችሁ" አሉ እትዬ ፍቅርተ።

"አዎ፣ ያንቺ አይቆጠርም" አሉ አቶ ወልደአረጋይ። "ይህን ልጅ የሚያውቅ አለ?"



"ኧረ ድምፁንስ ማን ሰምቶት! እኔ ዲዳ መስሎኝ ነበር" አለች ይመኙሻል። ሰዉ ሳቀ።

ጋሽ ወገኔ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። "እኔ ዋሱ ነኝ። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ሦስቱንም ሌሊት ድንኳን ውስጥ ከጎኔ ያደረ ልጅ ነው። እንዴት አላውቀውም?"

ሰዎች ዘወር ብለው አዩኝ፤ ፈገግ ያሉልኝም ነበሩ።

"ለካ ሰው ነህ!" አለችኝ ይመኙሻል።

የጋሽ ወገኔ ባለቤት ያረፉት ግን እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው። አብሯቸው ያደረው ከእኔ በፊት አሁን የምኖርባትን ክፍል ተከራይቶ የነበረው ሳምሶን መሆኑን እትዬ ፍቅርተ ነግረውኛል። ቀና ብዬ እትዬ ፍቅርተን ሳያቸው አንገታቸውን ደፉ።

ዝም ብል እኖራለሁ። ግን ጋሽ ወገኔ ነገ መንገድ ላይ አግኝተውኝ ስለእነዚያ ሌሊቶች ቢያጫውቱኝ ምን እላለሁ?

"ጋሼ፣ እኔ አይደለሁም" አልኩ። "ከእኔ በፊት የነበረው ሳምሶን ነው። እኔ ያኔ አልመጣሁም።"

ጋሽ ወገኔ ጠጋ ብለው ፊቴን አዩት።

"እውነትም አይደለህም" አሉ። "እሱ ረዘም ይላል።"

ተመልሰው ተቀመጡ።

"ሌላ ዋስ አለ?" አሉ አቶ ወልደአረጋይ።

የተነሣ አልነበረም።

ቅዳሜ ፍራሼን ጋሪ ላይ ጭኜ ከሰፈሩ ወጣሁ። ጋሽ ወገኔ በራቸውን ከፍተው እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ።